ኦዲሽን ለምትገቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በወጣት ማዕከል ግድግዳ ወይም በወረዳ አዳራሽ በር ላይ «ተዋንያን እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አይታችሁ፣ ሌሊቱን «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ» ስትሉ ለምታድሩት ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአዘጋጅነት ነው። ደመወዝ በሚከፍሉ ቲያትር ቤቶችም፣ ሳንቲም በማይከፍሉ የሰፈር ቡድኖችም ተዋናይ መርጫለሁ። የሰፈሩ ምርጫ ይበልጥብኛል። እዚያ የሚመጣው ልጅ ከሥራ ወይም ከትምህርት ወጥቶ፣ የታክሲውን ከኪሱ ከፍሎ፣ ምሳውን እንኳ በቅጡ ሳይበላ ነው የሚደርሰው። ለእንደዚህ ያለ ልጅ የማውቀውን ብደብቅ ነውር ነው።

አዘጋጁ ፊት ስትቆሙ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የሚነገራችሁን ትሰማላችሁ ወይ? አንድ ልጅ ይገባል። ቤቱ ያጠናውን መነባንብ አንድ ቃል ሳይስት ይወጣዋል። ድምፁ ያምራል፣ እንባው እንኳ በሰዓቱ ይመጣል። «ጥሩ ነው፤ እስቲ አሁን ደግሞ ሳትቆጣ፣ እየለመንክ በለው» ይባላል። ያንኑ የበፊቱን ይደግመዋል። ቁጣው እንዳለ ነው፤ እጁም የሚነሳው እዚያው ቃል ላይ ነው። ቀጥላ የምትገባው ልጅ ሁለት ቦታ ትስታለች፣ ድምጿም ይንቀጠቀጣል። «እየለመንሽ በይው» ስትባል ግን ትንሽ ዝም ትላለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ የሚወጣው ሌላ ሰው ነው። እኔ የምወስደው ሁልጊዜ እሷን ነው። የሰፈር ቡድን ለአንድ ቲያትር ሁለት ሦስት ወር ይለማመዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቃል አወጣጡም፣ አቋቋሙም፣ የመድረክ ፍርሃቱም ይስተካከላል። ጆሮን ግን ይዞ መምጣት ያስፈልጋል።

ታዲያ ለዚህ እንዴት ይዘጋጁበታል? መነባንቡን በአንድ ዜማ ብቻ አታጥኑት። ቃሉን ከያዛችሁት በኋላ ሳህን እያጠባችሁ በሉት፣ ደረጃ እየወጣችሁ በሉት፣ ለእህታችሁ ምስጢር እንደምትነግሩ በሹክሹክታ በሉት፣ ደግሞ ገንዘብ የካዳችሁን ሰው እንደምትሞግቱ ሆናችሁ በሉት። አንድ ንግግር ከአንድ ስሜት ጋር ከተጣበቀ ፈተናው ላይ ማላቀቅ አይቻልም። ርዝመቱ ከሁለት ደቂቃ ባያልፍ ይመረጣል። ሲመረጥም ዕድሜያችሁን የሚመስል ይሁን። ገና ሃያ ያልሞላው ልጅ የአፄ ቴዎድሮስን የመቅደላ ሰዓት ይዞ ሲመጣ ልቡን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ያንን ንጉሥ ስንትና ስንት ታላላቅ ተዋንያን ስለተጫወቱት በጆሯችን ያለው የእነሱ ድምፅ ነው፣ ልጁን ማየት ያቅተናል። በቴሌቪዥን የታወቀ ኮሜዲያን መኮረጅም እንደዚያው ነው። አዳራሹ ይስቃል፤ አዘጋጁ ግን ስለ እናንተ ምንም አላወቀም።

የድምፅ ነገር ከተነሳ፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ያልሰማችሁ ፈልጋችሁ ስሙት። የማወራው ስለ ታሪኩ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ማይክራፎን ፊት ተቀምጦ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሳን፣ ሰብለ ወንጌልን እንዴት እንደሚለያቸው አስተውሉ። የሚለያቸው በድምፁ ብቻ አይደለም፤ በፍጥነቱ፣ በትንፋሹ፣ ዝም በሚልበት ቦታም ነው። የፊታውራሪው ትንፋሽ ከጉዱ ካሳ ትንፋሽ ጋር አንድ አይደለም። አንድ ክፍል ሰምታችሁ እዚያው ላይ ብታቆሙና ያንኑ ገጽ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት በአንድ ምሽት ብዙ ትማራላችሁ።

አብዛኛውን ጊዜ ካጠናችሁት ሌላ አይታችሁት የማታውቁት ገጽ ይሰጣችሁና «አንብቡ» ትባላላችሁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጎበዝ የሚወድቀው፤ ስለዚህ ልቆይበት። የአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «አለ» ሲል ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት ይሁን ከፊትና ከኋላ ያለውን ሳታዩ አታውቁትም። ስለዚህ ገጹ እጃችሁ እንደገባ አፋችሁን አትክፈቱ። «አንድ ጊዜ በዓይኔ ልየው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚከለክላችሁ አዘጋጅ አላየሁም። ስታዩትም ማን ለማን እንደሚናገር ፈልጉ። አንዱ ሌላውን «እርስዎ» ይለዋል ወይስ «አንተ»? ሰውየው እስከ ገጹ አጋማሽ ድረስ «እርስዎ» ሲል ቆይቶ በድንገት «አንተ» ካለ እዚያ መስመር ላይ ክብር ተሰብሯል። ያን ቦታ አይታችሁ ትንሽ ቆም ካላችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ብትሳሳቱ እንኳ አዘጋጁ ብዕሩን ያነሳል።

ግጥም ከተሰጣችሁ ደግሞ አታዚሙት። የቀደሙት የአማርኛ ተውኔቶች በአብዛኛው በግጥም የተጻፉ ስለነበሩ በመድረካችን ላይ እስካሁን የቀረ የአነባበብ ልማድ አለ። ወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠረ ይሄዳልና አንባቢው እየተወዛወዘ ቤት መምቻው ላይ ይወድቃል። ቤት መምቻውን ተዉት፤ ራሱ ይሰማል። እናንተ የምትከተሉት ሐሳቡ የሚያልቅበትን ነው።

ስለ አነጋገራችሁ የምትሰጉ ብዙ ናችሁ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር የመጣ፣ ወይም አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ ያደገ ልጅ ኦዲሽን ላይ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ለመምሰል ይጨነቃል። ጭንቀቱ ትወናውን ይበላዋል። በአፍ መፍቻችሁ ለዛ ግቡ። ገፀ ባህርዩ ሌላ ለዛ የሚፈልግ ከሆነ በልምምድ ይሠራል።

አሁን ደግሞ ከአስተዳደጋችን የሚመጣ አንድ ችግር ልንገራችሁ። ጨዋ ልጅ በታላቅ ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ያደርጋል፣ እጁን ያጣምራል። እናታችሁ ያስተማረቻችሁ ይህንን ነው፤ መልካም አድርጋለች። ኦዲሽን ላይ ግን ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ስለሆኑ ልጁ ሳያውቀው ያ ጨዋነት ይመጣበታል፣ እኛም የምናየው ፀጉሩን ብቻ ይሆናል። ስትገቡ እጅ ንሱ፣ ስማችሁን ተናገሩ፣ ክብሩን በዚያ ጨርሱት። ትወናውን ስትጀምሩ ግን ከእኛ ራስ በላይ አሻግራችሁ የኋለኛው ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ንገሩ። መጮህ አያስፈልግም። ትንፋሹን ከሆድ አውጡት፤ የአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚውጠውን የዓረፍተ ነገር መጨረሻም እስከ ግሱ ድረስ ተሸከሙት። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነውና መጨረሻው ከተዋጠ ተመልካቹ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቀራል።

ለሴቶች ልጆቼ ለብቻ የምለው አለኝ። በመጀመሪያው ዘመን በመድረካችን ላይ የሴትን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ስድቡንና ሐሜቱን ችለው መድረክ የወጡት ሴቶች ያን ቦታ ያስለቀቁት በብዙ ዋጋ ነው። ስለዚህ በሙሉ ልብ ግቡ። ነገር ግን ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ማታ ማን አብሯችሁ እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ጠይቁ፤ ቤተሰብም ይወቅ። ይህ ለወንዶቹም ነው፦ ለምዝገባ ወይም «ለዋናው ገፀ ባህርይ» ብር የሚጠይቃችሁ፣ ኦዲሽኑን በሆቴል ክፍል ወይም ለብቻ በሆነ ቤት የሚያደርግላችሁ ሰው የቲያትር ሰው አይደለም። ትታችሁት ውጡ፣ ለሌሎቹም ንገሩ። እውነተኛ ኦዲሽን ሰው ባለበት አዳራሽ፣ በቀን፣ ከአንድ በላይ መራጭ በተቀመጠበት ይደረጋል። ያ ብር የሚጠይቅ ሰው የልጆችን የቲያትር ፍቅር መነገጃ ሲያደርግ ከማየት የበለጠ የሚያሳምመኝ የለም።

ሌላው ቀላል ነው። ቀደም ብላችሁ ድረሱ። የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፣ ውሃ ያዙ፣ ስልካችሁን አጥፉት። «ጉንፋን ይዞኛል፣ በደንብ አላጠናሁም» ብላችሁ አትጀምሩ። ቃል ከጠፋባችሁ ይቅርታ ሳትጠይቁ ትንፋሽ ወስዳችሁ ካስታወሳችሁበት ቀጥሉ። ተራ ስትጠብቁም ለሌላው ተፈታኝ ዝም በሉለት፤ በር ላይ የምትመዘግበው ልጅ ሁሉን ታያለች፣ በኋላም ትጠየቃለች።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስማችሁ ያልኖረ እንደሆነስ? ይህ የብዙዎቻችሁ ዕጣ ነው፤ ስድስት ገፀ ባህርያት ላሉት ቲያትር አርባ ልጅ ሊመጣ ይችላል። አዘጋጁ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ከሌላው ተዋናይ ጋር መግጠም ሁሉ ያያል። አባት የሚሆነው ልጅ አጭር ከሆነ ረጅሙን ልጅ ወንድ ልጁ ማድረግ ይከብደዋል፤ ይህ ችሎታችሁን አይነካውም። ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ በኋላ ብሔራዊ ቲያትር የተባለውም በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ለትወና ትምህርት የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ሰው ሙያውን የተማረው መድረኩ ጥግ ቆሞ እያየ ነው። በኋላም በየቀበሌው የኪነት ቡድን ያለፉት መጋረጃ እየጎተቱ፣ ወንበር እየደረደሩ ነው የተማሩት። የሰፈር ቡድን ዛሬም ሰው ያንሰዋል። ስለዚህ በነጋታው ሂዱና መብራት፣ አልባሳት፣ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ከሁሉም በላይ ግን ልምምድ ላይ ጽሑፉን ይዞ ቃል የጠፋበትን ማስታወስ ይሰጠኝ በሉ። ይህን የመጨረሻውን ካገኛችሁ እሰየው ነው። ልምምዱ በተጀመረ በወሩ አንዱ ሥራ አግኝቶ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ሌላዋ ፈተና ይደርስባታል፤ በአማተር ቡድን ይህ ያልደረሰበት አዘጋጅ አላውቅም። ያን ጊዜ የሁሉንም ቃል፣ የሁሉንም መግቢያና መውጫ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ጽሑፉን ስትይዙ የአንዱን ክፍል ብቻ አታጥኑ፤ ሙሉውን አጥኑት።

አክባሪያችሁ