ልጃችሁ ለቴሌቪዥን ቀረጻ ሲጠየቅ

በብሪታንያ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የሚያዩትን የወጣቶች ፕሮግራም «ከንቱ ነገር» ብላችሁ ቻናል መቀየር የምትችሉበት ጊዜ አልፏል፤ ዛሬ ልጆቹ ተመልካች ብቻ ሳይሆኑ ተሳታፊ እንዲሆኑም እየተጋበዙ ነውና። አዘጋጆች ከልዩ ልዩ ማኅበረሰብ የተገኙ ወጣቶችን በኢንስታግራምና በቲክቶክ ይፈልጋሉ፤ ግብዣው በቀጥታ ለልጁ ስለሚላክም ቤተሰቡ ወሬውን የሚሰማው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ከመከልከልም ከመፍቀድም በፊት ፕሮግራሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ፤ ፊርማ የሚጠይቀውንም ወረቀት ሳትቸኩሉ አንብቡ።

እውነተኛ ሰዎች የሚታዩበትን ፕሮግራም ሁሉ በጅምላ «ሪያሊቲ» ስለምንለው ልዩነቱ ይጠፋብናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከ16 እስከ 34 ዓመት ላሉ ተመልካቾች ታስቦ የተከፈተው ቢቢሲ ስሪ (በ2016 ወደ ኢንተርኔት ብቻ ዞሮ በ2022 ወደ ቴሌቪዥን ተመልሷል) በአንድ ጣቢያ ውስጥ በጣም የተራራቁ ሥራዎችን አሳይቷል። በ2008 ርካሽ ልብስ የሚወዱ ብሪታንያውያን ወጣቶችን ወደ ህንድ ወስዶ ልብሱን ከሚሰፉት ሠራተኞች ጋር እንዲኖሩና እንዲሠሩ ያደረገው ተከታታይ ፕሮግራም እውነተኛ ቁም ነገር ነበረው፤ ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን ብናየው የምናተርፍበት ነው። በዚያው ጣቢያ የቀረበው «ዶንት ቴል ዘ ብራይድ» ደግሞ ሙሽራው ገንዘብ ተሰጥቶት፣ ሙሽሪትን ሳያማክር ሠርጉን ብቻውን የሚያሰናዳበት ጨዋታ ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ከሁለቱም ወገን ዘመድ ጋር ወራት ተማክሮ ለሚደግስ ሰው ከዚህ የባሰ ቅዠት ያለ አይመስለኝም፤ ሆኖም ማንንም የማይጎዳ መዝናኛ ነው።

ሌላው ዓይነት በግልጽ የተቀነባበረው ነው። በ2010 በአይቲቪ 2 የጀመረው «ዘ ኦንሊ ዌይ ኢዝ ኤሴክስ» ሰዎቹ እውነተኛ እንደሆኑ፣ ከሚያደርጉት ነገር አንዳንዱ ግን ለመዝናኛ ተብሎ የተዘጋጀ እንደሆነ ራሱ ለተመልካቹ ይናገራል። በ2011 ኢ4 በተባለው ጣቢያ የጀመረው «ሜድ ኢን ቼልሲ»ም የዚሁ ወገን ነው። በ2015 በአዲስ መልክ የተመለሰው «ላቭ አይላንድ» የተባለው የፍቅር ውድድር የተለየ መንገድ ይከተላል፤ ተሳታፊዎቹን ከውጭው ዓለም ለይቶ በአንድ ቪላ ያኖራቸዋል፣ ቀኑን ሙሉ የተቀረጸውን ወደ ስልሳ ደቂቃ ገደማ ጨምቆ ማታ ያሳያል። ቀኑን ሙሉ ስትስቅ የዋለች ልጅ ከዚያ ውስጥ የተመረጠላት የተቆጣችበት ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቃት በቁጣዋ ነው። ማንም አልዋሸም፤ እንዲህ ሆኖም ምስሉ እውነት አይደለም። ለልጆቻችሁ ልታስረዱት የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ምርጫው በማን እጅ እንደሆነ የገባው ወጣት ፕሮግራሙን ሲያይም ሆነ ሲጋበዝ ዓይኑ የተከፈተ ይሆናል።

ቁም ነገር ያለው ዘጋቢ ፊልም ቢሆንም ቀረጻ ቀረጻ ነው። በአንድ የማውቀው ቤተሰብ ቤት የቀረጻ ቡድን ሲመጣ በቦታው ነበርኩ። እናትየዋ ቡናውን ቆልተው ከጨረሱ በኋላ ብርሃኑ አልተስማማም ተብሎ ሌላ ጥሬ ቡና አጥበው እንደገና እንዲቆሉ ተለመኑ፤ ልጅቷም ከሥራ እንደምትመለስ ሆና በር ከፍታ ደጋግማ እንድትገባ ተደረገ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት ስለ አመሻሷ የተጨቃጨቁትን እንደገና እንዲያነሡት ተጠየቁ። እናትየዋ «ያለቀ ነገር ምን ይነሣል?» ብለው ዝም አሉ፤ ጥሩ አደረጉ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፣ ሥራቸው ነው፤ ነገር ግን እምቢ ማለት እንደሚቻል ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። ወላጅ በአማርኛ የሚናገር ከሆነም ንግግሩን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ማን እንደሆነ፣ ጽሑፉን ከስርጭት በፊት የሚያየው አማርኛ አዋቂ መኖሩን ጠይቁ።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ ተሳታፊው የሚፈርመው የስምምነት ፎርም ብዙ ጊዜ አዘጋጁ ቀረጻውን እንደፈለገ እንዲቆርጥ፣ በሌሎች አገሮችና በኢንተርኔትም እንዲያሠራጭ የሚፈቅድ ነው። «ተራ ፎርም ነው» ተብሎ ካሜራ በተደገነበት ሰዓት ሲሰጣችሁ ወስዳችሁ እደሩበት። ያልገባችሁ አንቀጽ ካለ ጠበቃ አማክሩ፣ አቅም ካነሰ በነጻ የሚያማክረውን ድርጅት ሲቲዝንስ አድቫይስን ጠይቁ። የብሮድካስት ተቆጣጣሪው የኦፍኮም ደንብ በተለመደው አሠራር ተሳታፊው አውቆ እንዲስማማ ያዛል፤ ማለትም ፕሮግራሙ ስለ ምን እንደሆነ፣ እሱ ለምን እንደተፈለገ፣ መቼና የት እንደሚተላለፍ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚቀርብለት፣ ከስርጭት በፊት ማየትና ማሳረም ይችል እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። ይህን ሁሉ በቃል ሳይሆን በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ በመደበኛው የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጁ 16 ከሞላው ግን ራሱ ሊፈቅድ ይችላል፤ ስለዚህ ንግግሩ ከዚያ ዕድሜ በፊት ቢጀመር ይሻላል።

ለእኛ ማኅበረሰብ የተለየ ክብደት ያለው፣ ያልፈረመው ሰው ጉዳይ ነው። ልጁ ስለ ራሱ ሲናገር ስለ አባቱ፣ ስለ አክስቱ፣ ከአባቱ ጋር ስለማትኖር እናቱም ይናገራል። ሎንደን ላይ የተነገረ ቃል ተቆርጦ በቴሌግራም አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም፤ ዘመድም የሚያየው ቁራጩን እንጂ ሙሉውን ፕሮግራም አይደለም። በተለይ በቤቱ ውስጥ የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተቋጨ ሰው ካለ፣ ወይም አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ በፖለቲካ ምክንያት ሊጠየቅ የሚችል ከሆነ፣ የጉዳዩን ጠበቃ ሳታማክሩ ካሜራ አታስገቡ።

ስለ ልጁ ጤንነትም ጠይቁ፤ ይህ እንደ ነውር የሚታይ ጥያቄ አይደለም። በ2019 አንድ የታወቀ የቀን ፕሮግራም ተሳታፊው ከሞተ በኋላ ሲዘጋ፣ በፓርላማ ምርመራ ተከፍቶ ነበር፤ «ላቭ አይላንድ»ም በዚያው ዓመት ለተሳታፊዎቹ ከፕሮግራሙ በኋላ ቢያንስ ስምንት የሥነ ልቦና ሕክምና ቀጠሮ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ደግሞ ኦፍኮም በፕሮግራሙ ምክንያት ሊጎዱ የሚችሉ ተሳታፊዎች ተገቢ ጥንቃቄ እንዲደረግላቸው ይጠይቃል። እንግዲህ ከስርጭቱ በኋላ ለስንት ጊዜ፣ በማን ስልክ፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚገኝ ጠይቃችሁ የባለሙያውን ስም ያዙ። ስድቡ የሚዘንበው ፕሮግራሙ በተላለፈበት ሌሊት በልጁ ስልክ ላይ ነውና፣ የማኅበራዊ ገጾቹን አስተያየት መቀበያ አስቀድሞ መዝጋትም ይጠቅማል።

ከሁሉ በኋላ በደል ከደረሰ፣ ያለአግባብ ቀርቤአለሁ ወይም ገመናዬ ተደፍሯል የሚል ተሳታፊ ፕሮግራሙ በተላለፈ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ለኦፍኮም አቤት ማለት ይችላል። በቢቢሲ ላይ የሚቀርብ ሌላ ዓይነት ቅሬታ በመጀመሪያ ለራሱ ለቢቢሲ ይገባል፤ ያለአግባብ የመቅረብና የገመና አቤቱታ ግን በቀጥታ ለኦፍኮም ሊቀርብ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከስርጭቱ ዕለት ስለሆነ ኢሜይሎቹንና የተፈረመውን ፎርም ቅጂ ከመጀመሪያው በአንድ ፋይል አስቀምጡ።