ጃኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ፣ መርካቶ ሻይ ቤት አግኝታችሁኝ «ጋሼ፣ መዋጮው ሞላ፣ ልብሱን ልንገዛ ነው» ስትሉኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባጃጅ የሚነዳው፣ ቡና የሚነግደው፣ ገና የሚማረው ሁሉ ከኪሱ አውጥቶ ለሰፈሩ እሳት አጥፊ ሊሆን ሲነሳ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ «ሃያ ጃኬት ይደርሰናል» አላችሁ። ይቺ ቃል ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

እኔ ብሆን ሃያ ጃኬት አልገዛም። ስድስት ሙሉ ልብስ እገዛለሁ። ሙሉ ስል ጃኬት፣ ሱሪ፣ ጓንት፣ ቦቲ፣ ሄልሜት፣ ከሄልሜቱ ስር ደግሞ ጆሮና አንገት የሚሸፍነው ኮፍያ ማለቴ ነው። ገንዘቡ ለአራት ብቻ ከበቃ አራት ይሁን። የቀራችሁት ቱቦ ዘርጉ፣ ሰው አርቁ፣ ውሃ አቅርቡ። ይህም ሥራ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ጆንያ የተከመረበት መጋዘን ሲቃጠል ገባሁ። የለበስኩት ጃኬት እጅጌው ያጥረኛል። ጓንቴ ደግሞ የዕቃ ማንሻ ጓንት ነበር። ቱቦውን ወደ ጣሪያው ሳነሳ እጅጌዬ ሸሸ፤ ሁለት ጣት የምታህል ቆዳ ተገለጠች። ነበልባል አልነካኝም። የረጨሁት ውሃ እንፋሎት ሆኖ ተመለሰና ላጠኝ። ጠባሳው ዛሬም አንጓዬ ላይ እንደ ሰዓት ማሰሪያ ዞሮ ይታያል።

ስለዚህ ናሙናው ሲመጣ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ልበሱት። ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ። ተንበርከኩ። ወለሉ ላይ ዳሁ። ወገብ ከታየ፣ አንጓ ከተገለጠ፣ ያ ልብስ የእናንተ አይደለም። መካከላችሁ ያሉትን ሴቶች ልጆች «ትልቁን ይልበሱና ይጠቅልሉት» አትበሏቸው። የሚጎተት ሱሪ ደረጃ ላይ ይጥላል። በጣም የጠበበም አይሆንም፤ በልብሱና በሰውነት መሃል ያለው አየር ራሱ ሙቀት ያዘገያል።

እውነተኛው ጃኬት ሦስት ድርብ ነው። ውጪው ነበልባልና መቀደድን ይችላል፣ መሃሉ ውሃ ይመልሳል፣ ውስጡ ሙቀቱን ያዘገያል። የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ የተሰፋበት የዝናብ ልብስም ከሩቅ ሲያዩት ያንኑ ይመስላል። ገልብጣችሁ ገበሩን እዩ፣ ከውስጥ የተሰፋውን መለያ ጨርቅ አንብቡ። የእሳት አጥፊ ልብስ የደረጃ ቁጥር፣ ማለትም የአውሮፓው ኢኤን 469 ወይም የአሜሪካው ኤንኤፍፒኤ 1971 (በአዲሶቹ ላይ 1970) ካልተጻፈበት፣ የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ሦስት ፕሮፎርማ ስትሰበስቡም ይህን ቁጥር አስጽፉ። አለዚያ የምታወዳድሩት ዋጋውን ብቻ ይሆናል።

ያገለገለ ልብስ ከውጭ በእርዳታ እናገኛለን የሚል ሐሳብም ሰምቻለሁ። አልጠላውም። ግን መለያው ላይ የተመረተበትን ዓመት ፈልጉ። በአሜሪካኖቹ ደንብ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ልብስ፣ አዲስ ቢመስልም ከሥራ ይወጣል። ዓመቱ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2015 የሚል ያየ ልጅ በእኛ ቆጥሮ «ገና አዲስ ነው» እንዳይል አደራ።

ከጃኬቱ ስር ማሊያ አትልበሱ። የምትወዱት ክለብ ማሊያ ፖሊስተር ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ልበሱ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ይህ ልብስ ቆዳችሁን እንጂ ሳንባችሁን አይጠብቅም። የአየር ሲሊንደርና ማስክ እስክታገኙ ድረስ ጭስ ወደሞላው ቤት አትግቡ፤ ከውጭ ሆናችሁ ተዋጉ። ሲሊንደሩንም ቢሆን ማን እንደሚሞላላችሁ፣ በየ5 ዓመቱ የት እንደሚፈተሽ ሳታውቁ አትግዙ። እናት ውስጥ ልጇ እንዳለ እየነገረቻችሁ ውጭ መቆም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በጣም ከባድ ነው። ግን ያለ ማስክ የገባ ልጅ ራሱ አውጪ የሚፈልግ ሰው ይሆናል፤ አውጪም ያጣል።

ከእሳት ስትመለሱ ልብሱን ቤት አታስገቡ። ከጥቀርሻው ጋር ብዙ መርዝ አብሮ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በፈረንጆቹ 2022 የእሳት አጥፊነትን ሥራ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በእኛ ጊዜ ግን ጥቀርሻው የጀግንነት ምልክት ነበር፤ ልጆቻችንን በዚያው ልብስ አቅፈን እንስም ነበር።

ልብሱን ለብቻው እጠቡ። በረኪና እንዳይነካው። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ፀሐይ ክሩን ይበላዋል። የጅማ ክረምት ረጅም መሆኑን ታውቃላችሁ፤ አጣጥፋችሁ ሳጥን ውስጥ ከከተታችሁት ይሻግታል። እርጥቡን ለብሶ እሳት ፊት መቆም ደግሞ ያው ያቃጠለኝን እንፋሎት መጋበዝ ነው። ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍል ፈልጉና በወፍራም መስቀያ ስቀሉት። ለዚህ ክፍል ከልብሱ በፊት አስቡበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ናሙናውን፣ ከመካከላችሁም ረጅሙንና አጭሯን ይዛችሁ ኑ። ግቢው ውስጥ እያስዳህን እንለካዋለን።