ባዛር በሕዝብ መሬት ላይ፦ ጥያቄዎችና መልሶች

በሕዝብ ሜዳ ወይም በመናፈሻ ላይ ባዛር ይካሄድ የሚል ሐሳብ ለአካባቢ ምክር ቤት ሲቀርብ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ባዛር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ወደሚል ሙግት ይሄዳል። በሕዝብ ቦታዎች አስተዳደር ሥራ ላይ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ሰውን በኋላ የሚያጣላው ባዛሩ ራሱ ሳይሆን የቀን ቆጠራውና የቦታው ርክክብ ነው ብዬ አምናለሁ። የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በዚህ መንፈስ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መሬቱ የሕዝብ ከሆነ ምክር ቤቱ ለባዛር አዘጋጅ የመስጠት ሥልጣን አለው ወይ?

መልስ፦ በብዙ አገሮች አለው፤ ነገር ግን እንደ ግል ባለንብረት ሳይሆን እንደ ባለአደራ ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1869 ቺካጎ አጠገብ ያለውን በሐይቅ ውኃ የተሸፈነ ሰፊ መሬት ለአንድ የባቡር ኩባንያ ከሰጠ በኋላ በ1873 ስጦታውን ሻረው፤ ኩባንያውም አልቀበልም ብሎ ተከራከረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1892 በሰጠው ውሳኔ፣ ግዛቱ መሬቱን የያዘው ለሕዝብ በአደራ ስለሆነ በዚያ መልክ አሳልፎ ሊሰጠው እንደማይችል አስታወቀ። ለጊዜው ማከራየት ግን ሌላ ነገር ነው። ለንደን ውስጥ የፊንስበሪ ፓርክ አንድ ክፍል ለሙዚቃ ዝግጅት መታጠሩን የተቃወሙ ነዋሪዎች ያቀረቡትን አቤቱታ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 አልተቀበለውም። ስለዚህ «የሕዝብ ነውና ፈጽሞ አይቻልም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያስረታም።

ጥያቄ፦ አዘጋጆቹ «ዝግጅቱ የጥቂት ቀን ብቻ ነው» ይላሉ፤ ሜዳው ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ታጥሮ ይከርማል። የትኛው ነው የሚቆጠረው?

መልስ፦ አጥር ከተተከለበት ዕለት አንሥቶ የመጨረሻው ተሽከርካሪ ወጥቶ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ያለው ጊዜ ሁሉ ሊቆጠር ይገባል፤ በዚህ ላይ ማመቻመች ያለ አይመስለኝም። በሙኒክ የሚካሄደው ኦክቶበርፌስት ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው ከ16 እስከ 18 ቀን ሲሆን፣ በከተማው ሜዳ ላይ ድንኳኖቹን የመትከሉ ሥራ ግን ከሁለት ወር በፊት ይጀመራል፤ ማፍረሱም የራሱን ሳምንታት ይወስዳል። ሙኒክ ውስጥ ይህ የታወቀና ሜዳውም ለዚሁ የተተወ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። ልጆች በየቀኑ ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በእንግሊዝ ሕግ አንድን መሬት ያለ ፕላን ፈቃድ ለጊዜያዊ አገልግሎት ማዋል የሚቻለው በአብዛኛው በዓመት እስከ 28 ቀን ድረስ ነው። በለንደን ብሮክዌል ፓርክ በተከታታይ የሚካሄዱ ዝግጅቶችን በተመለከተ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው ፍርድ ቤት የአካባቢው ምክር ቤት «የፕላን ፈቃድ አያስፈልግም» ብሎ የሰጠውን ማረጋገጫ ሕጋዊ አይደለም ያለው በዚህ ጉዳይ ነው፤ የግንባታውና የማፍረሱ ጊዜ ሲደመር ከ28 ቀን በላይ ይሆን ነበር። በዚያ ዓመት ዝግጅቶቹ መካሄዳቸው አልቀረም፤ ሆኖም ቀን ሲቆጠር የዝግጅቱን ዕለት ብቻ መቁጠር እንደማያዋጣ ሁሉም ተረድቷል።

ጥያቄ፦ ሣሩና ዛፎቹ ይጎዳሉ የሚለው ሥጋት የተጋነነ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ ታላቁ ዐውደ ርዕይ ሊካሄድ ሲታሰብ በፓርላማና በጋዜጦች ላይ ከተነሡት ብርቱ ተቃውሞዎች አንዱ ስለ ጥቂት የኤልም ዛፎች ነበር። የመጀመሪያው ንድፍ በጡብ የሚሠራ ግዙፍ ሕንፃ ስለነበር፣ «ጊዜያዊ» የተባለው ነገር እዚያው ተተክሎ ይቀራል የሚል ጥርጣሬ አስነሣ፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነበር፣ ጡብ የሚደረድር ሰው ለማፍረስ አይቸኩልምና። የጆሴፍ ፓክስተን የብረትና የመስታወት ሕንፃ ተቀባይነት ያገኘው ተነቃቅሎ ሊነሣ የሚችል በመሆኑም ጭምር ነው፤ ዛፎቹም ሳይቆረጡ ከከፍተኛው ጣሪያ ሥር ቆሙ። ሕንፃው በ1852 ተነሥቶ ሲደንሃም በተባለ ቦታ እንደገና ተሠራ።

ዛሬ ዛፍን የሚጎዳው ከመጋዝ ይልቅ የከባድ መኪና ጎማ ነው። ውኃና አየር የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ከላይኛው የአፈር ክፍል አይርቁም፤ እርጥብ አፈር ላይ መኪና ሲመላለስ አፈሩ ይታመቅና ሥሮቹ ይታፈናሉ። ዛፉ ግን በዚያው ሳምንት አይደርቅም፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ቅርንጫፉ ሲደርቅ ይታያል፤ ያን ጊዜ አዘጋጁ መያዣ ገንዘቡን ወስዶ ሄዷል። በእንግሊዝ የግንባታ ደረጃ መሠረት ከዛፉ ዙሪያ የሚከለለው ርቀት የግንዱ ውፍረት በ12 ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ግንዱ ግማሽ ሜትር ከሆነ ስድስት ሜትር ማለት ነው። ይህን በሜትር ለክቶ በካርታው ላይ ያላሰፈረ ፈቃድ «ዛፎች ይጠበቃሉ» ቢል ትርጉም የለውም።

ጥያቄ፦ ገቢው የት ይግባ?

መልስ፦ የእኔ አቋም ኪራዩ በቅድሚያ ለዚያው ቦታ ይዋል የሚል ነው። ወደ ጠቅላላ ካዝና ከገባ ሜዳውን ያጡት ሰዎች የሚያገኙት ነገር ላይታይ ይችላል፤ የባሰው ደግሞ ምክር ቤቱ በገቢው መደገፍ ከጀመረ በሚቀጥለው ዓመት እንቢ ለማለት ይቸገራል። የ1851ዱ ዐውደ ርዕይ ያተረፈው ወደ 186,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ በለንደን ደቡብ ኬንሲንግተን ዛሬ ሙዚየሞች የቆሙበት መሬት ተገዝቶበት ለሕዝብ አገልግሎት ውሏል።

ጥያቄ፦ በታጠረው ግቢ ውስጥ ደንብ የሚያወጣው ማን ነው? ምክር ቤቱ ወይስ አዘጋጁ?

መልስ፦ ውሉ ካልተናገረ ጠብ ይፈጠራል። በአሜሪካ ዳላስ ከተማ የቴክሳስ ግዛት ባዛር የሚካሄደው በከተማው ይዞታ ላይ ነው፤ አዘጋጁ ግን የግል ድርጅት ነው። አዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ2024 ጎብኚዎች የጦር መሣሪያ ይዘው እንዳይገቡ ሲከለክል፣ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ክልከላው አይቻልም ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቶች ክልከላውን ለማገድ ፈቃደኛ ሳይሆኑ ባዛሩ ተከፈተ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለባዛር ብቻ የሚውል ቋሚ ቦታ ቢሠራ አይገላግልም?

መልስ፦ አንዳንድ ጊዜ ይገላግላል፤ ነገር ግን ቋሚ ቦታ የመኪና ማቆሚያ ይፈልጋል፣ ማቆሚያ ደግሞ መሬት ይፈልጋል። በዚያው በዳላስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የመኪና ማቆሚያ ለማስፋት ሲባል የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ቤቶች በግዳጅ ተወስደዋል። አስፋልቱ ግን ዓመቱን በአብዛኛው ባዶውን ሲውል ኖሯል።

ጥያቄ፦ በሕዝብ አስተያየት መስጫው ስብሰባ ላይ የሦስት ደቂቃ ዕድል ብቻ ነው ያለኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ ስለ ጫጫታም ሆነ ስለ ትርፍ አይናገሩ፤ ሌሎች ይሉታል። የፈቃዱን ረቂቅ ይዘው ይሂዱና አጥሩ የሚነሣበት ቀን የተጻፈበት አንቀጽ እንዲነበብ ይጠይቁ፤ አዘጋጁ ካዘገየ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚቀጣ፣ ርክክቡንም የምክር ቤቱ ሠራተኛ ከአዘጋጁ ጋር በመሆን ፎቶግራፍ አንሥቶ እንደሚፈርም ይጠይቁ። አንቀጹ ከሌለ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እንዲጨመር ያመልክቱ፤ ጥያቄዎም በቃለ ጉባኤው መመዝገቡን ሳያረጋግጡ አይውጡ።