ጎረቤቴ ለፎቅ ሲቆፍር ቤቴ ተሰነጠቀ፤ «ፈቃድ አለኝ» ይለኛል

ጥያቄ፦ «ጅማ ሂርማታ አካባቢ ነው የምኖረው። አባቴ ትተውልን ያለፉት የጭቃ ቤት አለን። ሁለቱን ክፍል አከራይቼ በአንዱ እኖራለሁ። ካርታው አሁንም በአባቴ ስም ነው። ወራሾቹ እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። የዛሬ ዓመት ከአራት ወር ጎረቤታችን ቤቱን አፍርሶ ለጂ ፕላስ ሰባት መሠረት ማስቆፈር ጀመረ። ጉድጓዱ ከግድግዳችን አንድ ክንድ አይርቅም። በሳምንቱ ግድግዳችን መሰንጠቅ ጀመረ። አሁን ስንጥቁ ጣት ያስገባል፤ በሩም አልዘጋ ብሏል። አንዱ ተከራይ ፈርቶ ወጣ። ጎረቤታችን ‹ፈቃድ አለኝ፣ ቤታችሁ ድሮም አርጅቷል› ይላል። ሽማግሌ ስንልክበት 150,000 ብር ልስጣችሁና ‹ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም› ብላችሁ ፈርሙ አለ። ወንድሜ እንፈርም ይላል፤ እኔ ፈራሁ። ግንባታውን ማስቆም እችላለሁ? ሰፈሩ የፎቅ ሰፈር ስለሆነ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቦታችንን ሊያስወስድብንስ ይችላል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይፈርሙ። ቢያንስ አሁን አይፈርሙ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ከሕጉ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንዎት። በሩ አልዘጋ ማለቱ እኔን ከስንጥቁ በላይ አስግቶኛል። ልስኑ ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ራሱ ከቦታው ተንቀሳቅሷል ማለት ሊሆን ይችላል። በጉድጓዱ በኩል ባለው ክፍል ማንም እንዳያድር። የቀረውንም ተከራይ ይንገሩት። የጅማን ዝናብ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ማዶ ይዘንባል። ክፍት ጉድጓድ ውሃ ሲያቁር አፈሩ ይርሳል፤ የራሰ አፈር ደግሞ ግድግዳ አይሸከምም። ቤት ይሠራል፣ ሰው ግን አይተካም።

አሁን «ፈቃድ አለኝ» ወደሚለው እንሂድ። ይህችን ቃል በየሰፈሩ እሰማታለሁ። ብዙ ሰው እሷን ሰምቶ መብቱን ጥሎ ይሄዳል። የግንባታ ፈቃድ በጎረቤትዎና በከተማው መካከል ያለ ወረቀት ነው። «በዚህ ፕላን መሠረት መሥራት ትችላለህ» ይላል። «የጎረቤትህን ቤት ብታፈርስ አትጠየቅም» አይልም። እንዲህ የሚል ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ያለው የከተማ አስተዳደርም የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 ለእርስዎ ጉዳይ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ይቀርባል። የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ከተለመደው ውጪ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ፣ አደጋው ሲደርስ ኪሳራውን ይከፍላል። አጥፍቷል ብለው ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ያው አንቀጽ ጨምሮ ሥራውን ባለሥልጣን የፈቀደው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ እንደማይቀር ይናገራል። ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ ለስምንት ደረጃ ሕንፃ መሠረት ማስቆፈር በእኔ አስተያየት እዚህ ውስጥ ይገባል። ተከራካሪው ወገን አይገባም ብሎ መሟገቱ አይቀርም። ስለዚህ ክሱ በዚህ ብቻ አይንጠልጠል። በአንቀጽ 2028 መሠረት የጥፋት ኃላፊነትንም ይጨምሩበት። ሾሪንግ ሳይሠሩ፣ ማለትም አፈሩን በመደገፊያ ሳይዙ መቆፈር ጥፋት ነው። አንቀጽ 1225ም አለ። የንብረት ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን መጉዳት እንደሌለበት ይደነግጋል።

«ቤታችሁ ድሮም አርጅቷል» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ያረጀው ቤት እስከ ቁፋሮው ቀን ድረስ ቆሞ ነበር። ሕግ የሚጠብቀው አዲስ ቤት ብቻ አይደለም። ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ካሣው የሚለካው በደረሰብዎ ጉዳት ልክ ነው። አንቀጽ 2091 የሚለው ይኸው ነው። በጭቃ ቤት ፈንታ ፍርድ ቤት የብሎኬት ቪላ ያስገነባልኛል ብለው አይጠብቁ። የጥገናውን ወጪ፣ መጠገን ካልተቻለ የቤቱን ግምት፣ የቀረብዎትን ኪራይ ይጠይቁ። ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳትም እስኪደርስ ሳይጠበቅ ሊካስ ይችላል፤ አንቀጽ 2092ን ይመልከቱ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ዓመት ከአራት ወር አልፏል ብለውኛል። ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። አንቀጽ 2143 ነው ይህን የሚለው። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ስምንት ወር ነው። ሽማግሌ መላክ፣ መመላለስ፣ «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር» መባባል ይህን ጊዜ አያቆመውም። ስንት ሰው በሽምግልና ላይ እያለ ጊዜው አልፎበታል! ሽምግልናውን አይተዉት። ጎን ለጎን ግን ክሱ ይዘጋጅ። አዲስ ስንጥቅ ሲወጣ ጊዜው እንደ አዲስ ይቆጠርልኛል ብለውም አይዘናጉ። እሱን ተማምኖ መቀመጥ ቁማር ነው።

ማስረጃውን ዛሬ ይጀምሩ። በየስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አስምረው ቀኑን ይጻፉበት። ስንጥቁ መስመሩን አልፎ ከሄደ እየሰፋ መሆኑን ማንም አይክድዎትም። በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ቆመው ፎቶ ያንሱ፤ ማስመሪያ አጠገቡ ይያዙ። ጉድጓዱንም ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ አንሱ። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የተነሳ የቤቱ ፎቶ ካለ፣ የሰርግ ይሁን የልደት፣ ፈልገው ያውጡት። ከኋላ የሚታየው ያልተሰነጠቀ ግድግዳ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። የወጣውን ተከራይ የኪራይ ውልም አይጣሉ።

ቀጥሎ ለከተማው ግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር በጽሑፍ ያመልክቱ። በቃል አይደለም። በመዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፣ ቅጂው ላይ ማኅተም ያስመቱ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለከተሞች የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ ያመጣው ለዚህ ዓይነቱ ቁጥጥር ነው። አዋጁ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች የመደበው ጥብቅ ክትትል በሚሹት ምድብ ውስጥ ነበር። ጂ ፕላስ ሰባት ከዚያ በእጅጉ ያልፋል። ባለሙያ መጥቶ አይቶ ሪፖርት እንዲጽፍ ይጠይቁ። መልስ ካልሰጡም ማመልከቻው ራሱ ማስረጃ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ አላወቅሁም፣ አልተነገረኝም ማለት አይችልም። አቅሙ ካለ ደግሞ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ የራስዎን ሪፖርት ይሥራልዎት።

ማስቆም እችላለሁ ወይ ብለዋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ፍርድ ቤት ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። እኔ ግን «ግንባታው በሙሉ ይቁም» ብለው እንዲጠይቁ አልመክርዎትም። ዳኛው ሁለቱንም ወገን ስለሚመዝን ማግኘቱ ከባድ ነው። ቢያገኙትስ? ጉድጓዱ እንደተከፈተ ክረምት ይገባበታል። ለግድግዳዎ ከዚያ የከፋ ነገር የለም። ቤትዎን የሚያድነው ጉድጓዱ ቶሎ መደገፉና መሞላቱ ነው። ስለዚህ እግዱ ጠባብ ይሁን፦ በእርስዎ በኩል ያለው ቁፋሮ ይቁም፣ መደገፊያው በባለሙያ ተሠርቶ ይጠናቀቅ፣ የዝናቡ ውሃም በፓምፕ ይውጣ። ዳኛም እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቀላሉ ይቀበላል። ፎቁ ፀሐይ ከልክሎኛል፣ ጥላ ጥሎብኛል የሚል አቤቱታ ግን አይጨምሩበት፤ ዋናውን ጉዳይ ያደክመዋል።

ማንን ይክሰሱ? ባለቤቱንም ተቋራጩንም። ባለቤቱን ብቻ ቢከሱ «የቆፈረው ኮንትራክተሩ ነው» ይላል። ኮንትራክተሩን ብቻ ቢከሱ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። «በአንድነትና በነጠላ ይክፈሉ»፣ ማለትም ሙሉውን ካሣ ከሁለቱ ከአንዱም መጠየቅ ይቻል ብለው ሁለቱን በአንድ መዝገብ ያቅርቡ። ካርታው በአባትዎ ስም መሆኑ አያስጨንቅዎ። ከወንድምዎ ጋር የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያውጡ። ይህ ግን ጊዜ ይወስዳልና ነገ ይጀምሩት። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች አቤቱታው የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን የማይችሉ ከሆነ ጽሑፉን ከመፈረምዎ በፊት ቃል በቃል ያስነብቡት። ለዳኝነት የሚከፈል ከሌለዎት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ቅርብዎ ስለሆነ ይጠቀሙበት።

ቦታውን ያስወስድብኛል የሚለው ስጋት ብዙ የጅማ ነባር ባለይዞታ የሚጋራው ነው። ጎረቤት የሌላውን ቦታ ማስወሰድ አይችልም። መሬት ከባለይዞታው የሚለቀቀው ለሕዝብ ጥቅም ሲሆን፣ በአስተዳደሩ ውሳኔና በቅድሚያ በሚከፈል ካሣ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ባለይዞታው ቦታውን በፕላኑ መሠረት ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኝ አድርጓል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጣብዎ ቀኑን ይመዝግቡ፤ የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው። እስከዚያው ግን በወሬ አይሽጡ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። እንዲህ ያለው ስምምነት በሕግ ግልግል ይባላል፤ አንቀጽ 3307 እና ተከታዮቹ ስለሱ ናቸው። ከፈረሙበት በሁለታችሁ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «ምንም ጥያቄ የለንም» ብለው ፈርመው በወሩ ግድግዳው ቢወድቅ ዳኛው የሚያየው ፊርማዎን ነው። ሕንፃው ገና ከመሬት አልወጣም። የሚመጣውን ጉዳት ማንም ሳያውቀው ዛሬ ዋጋ መቁረጥ ለእሱ ያዋጣል፣ ለእርስዎ አያዋጣም።

ወንድምዎን ግን አይጣሉት። ገንዘብ ቸግሮት ከሆነ መስማማት ይቻላል፤ ወረቀቱ ግን ይለወጥ። 150,000 ብሩ እስከ ፊርማው ቀን ለታየ ጉዳት ብቻ መሆኑ ይጻፍበት፣ ስንጥቆቹም አንድ በአንድ ይዘርዘሩ። ከዚያ በኋላ ለሚደርሰው ባለቤቱም ተቋራጩም ኃላፊ መሆናቸው ይግባ። መደገፊያው የሚያልቅበት ቀን ይቆረጥ። ቤቱ እስኪጠገን እርስዎና ተከራይዎ የምትቆዩበትን ኪራይ እሱ ይክፈል። ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ። ይህን አልቀበልም ካለ፣ የሚፈልገው ስምምነት ሳይሆን ዝምታዎ መሆኑን ወንድምዎም ያየዋል።

እሱ አርቅቆ የሰጣችሁን ወረቀት አይመልሱለት። የፊትና የኋላ ገጹን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ቤቱ አልተጎዳም ብሎ የሚሟገት ሰው ለምን 150,000 ብር ሊሰጥ እንዳሰበ ዳኛው መጠየቁ አይቀርም።