ለሐረጎ ዳገት የሚሆን ሁለተኛ መኪና

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት። ባለቤቴ ቶዮታ ሃይሉክስ አለው፤ ነገር ግን ፒክአፑ የእንጀራችን ነው። ጠዋት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኖ ወደ ሐይቅና ወደ ውርጌሳ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ማታ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በሚኒባስ ተመላልሻለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ግን ወገቤን ያመኛል። ከኋላ ወንበር አራት ሆነን ተጣብቀን በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ በየኩርባው ስንላጋ ቆይቼ ቤቴ ስደርስ፣ ጎንበስ ብዬ የልጄን የጫማ ማሰሪያ መፍታት ያቅተኛል። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ዝናብ ላይ ቆሜ ትራንስፖርት ስጠብቅ አመሸሁ፤ ስደርስ ትንሿ ልጄ ተኝታለች። ሁለተኛ መኪና እንግዛ ብዬ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

ገንዘቡ ከእቁብ የደረሰኝና ለዓመታት ያጠራቀምነው ነው። ሦስት ሐሳብ ቀርቦልናል። የባለቤቴ ወንድም ባለ 1.0 ሊትር የቆየች ቪትዝ በጥሩ ዋጋ አግኝቷል። ባለቤቴ የድሮ ኮሮላ ይሻላል፣ መለዋወጫው የትም አይጠፋም ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ግዢ ትለኛለች፤ ለእሷ ግን ያለንን አሟጠን ጥቂት መበደር ይኖርብናል። ቤቱ የራሳችን ነው፣ ግቢም የራሳችን ቆጣሪም አለን።

ፍርሃቴን አልደብቅዎትም። ከአራት ዓመት በፊት በደላላ አንድ መኪና ገዝተን ነበር። ከተማ ውስጥ ስንፈትናት እንደ ልብ ትሄድ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ዳገቱ መሐል ሞተሯ ፈላ። ጋራዥ ስታመላልሰን ከርማ በኪሳራ ሸጥናት። አማቴም አብረውን ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሳምንት አንድ ቀን ሕክምና ማድረስ አለብኝ። ምን ይመክሩኛል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ

መልስ

አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሳነብ የልጅሽ የጫማ ማሰሪያ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የምትጠይቂው ቅንጦት አይደለም፤ ሚኒባስ እያለ ምን አደከመሽ የሚል ሰው ካለ አትስሚው።

የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ አጭር ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ነገር ግን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ፣ ማታ ያንኑ መልሰሽ ትወጪዋለሽ። ሻጭ ለአጭር መንገድ የምትሆን መኪና ሲልሽ በልቡ የያዘው ሜዳ ነው። ያቺ የፈላችባችሁ መኪናም ሜዳ ላይ ተፈትና ዳገት ላይ ነው የወደቀችው። ያንቺን መኪና መምረጥ ያለበት ሐረጎ ነው።

ከቪትዟ ልጀምር። የመጀመሪያዋ ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ ባለ 1.0 ሊትር ሞተሯ 70 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ደሴ አፋፍ ላይ ስትደርሺ ከ70ው የሚተርፍልሽ 50 እና ጥቂት ነው፤ እሱም ሞተሩ አዲስ ቢሆን ነው። አማትሽንና ሁለቱን ልጆች ጭነሽ፣ ከኋላሽ የጭነት መኪና ጥሩንባ እየነፋ፣ ያ ጉልበት አይበቃሽም። ባለ 1.3 ሊትሯ ከተገኘች ነገሩ ይለወጣል፤ ያቺኛዋን ይህንን ዳገት ሳትጨነቅ ስትወጣው አይቻለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። ቪትዝ በሚለው ስሟ ለጃፓን ገበያ የተሠራችው መኪና መሪዋ በቀኝ ነው፤ በሌላው ዓለም በአብዛኛው ስሟ ያሪስ ነው። ስለዚህ ቪትዝ የሚል ጽሑፍ ያላት መኪና መሪዋ በግራ ከሆነ፣ ከተሠራች በኋላ ተዛውሯል ማለት ነው። በጥንቃቄ የተዛወረ አለ፣ በብየዳ የተቀጣጠለም አለ። የምታምኑት ሜካኒክ ከሥር ገብቶ የመሪውን ዘንግና የፍሬን ፔዳሉን መያዣ ሳያይ ቀብድ እንዳትከፍሉ።

የባለቤትሽ ኮሮላ ጠንካራ መኪና ናት፣ ስለ መለዋወጫውም እውነቱን ነው። ሆኖም መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ነው፤ የታመመ ጉልበት ከዚያ ሲነሳ ይሠቃያል፣ ያንቺም ወገብ እንደዚያው። ስለዚህ ትለፈን።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኳ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ገበያ ላይ የምታገኚያቸው የቤንዚን መኪኖች ቀድመው የገቡት ናቸው፤ በየዓመቱ ያረጃሉ እንጂ አይታደሱም። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚነሳው ትልቁ ሥጋት ረጅም መንገድ ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በመሐል ባትሪ የት እንሞላለን ይባላል። ለእናንተ ግን ሃይሉክሱ አለ። ለቤተሰቡ ብቸኛ መኪና ብትሆን ኖሮ እኔም አመነታ ነበር፤ ሁለተኛ መኪና ስትሆን ግን ጉድለቷን የመጀመሪያው ይሸፍንላታል።

ሞተሯ አየር ስለማይፈልግ ደሴም ኮምቦልቻም ላይ ጉልበቷ አንድ ነው። ደርሶ መልሱ ዳገቱን ጨምሮ ለትንሽ መኪና ከ10 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከትንንሾቹ አንዷን ብንወስድ፣ የቻይናው ኩባንያ የቢዋይዲ ሲጋል ባትሪ እንደ ሞዴሉ 30 ወይም 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ከሥራ አትቀሪም። ቤት ውስጥ በ10 አምፔር ብትሰኪያት የምትስበው 2.2 ኪሎዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣድሽ ከዚህ ይበልጣል። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ብትሰኪያት ለነገ የሚበቃሽን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ትጨርሳለች። ግን ምጣዱ እስኪነቀል ጠብቂ፤ መስመሩም ከቆጣሪው ለብቻው የተዘረጋ፣ ማቋረጫና ወደ መሬት የተቀበረ ሽቦ ያለው ይሁን። በኤክስቴንሽን ገመድ ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ቤት ያቃጥላል።

ለአንቺ መንገድ ደግሞ ልዩ ጥቅም አላት። ቁልቁል ስትወርድ ሞተሩ ተገላቢጦሽ ኤሌክትሪክ እያመነጨ መኪናዋን ይይዛታል፣ ያመነጨውንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሐረጎን ስትወርጂ ፍሬን መርገጥ እምብዛም አያስፈልግሽም። ነገር ግን እዚህ ላይ ከላይ የሚኖር፣ ከታች የሚሠራ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ጠዋት ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከቤት ከወጣሽ፣ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ የሚገባበት ቦታ ያጣል፤ መኪናዋም ቁልቁለቱን በፍሬን ሸራ ብቻ ትወርዳለች። ማታ ስትሰኪ 80 በመቶ ላይ እንድትቆም አድርጊያት።

የፍሬን ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ከቁልቁለቱ ግርጌ አንድ ጊዜ መንገድ ዳር የቆመች ትንሽ መኪና አገኘሁ። ከፊት ጎማዋ ጭስ ይወጣል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታው ከሩቅ ያፍናል። ባለቤቷ በላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ውሃ በጋለው ብረት ላይ ሊያፈስ ሲል ነው እጁን የያዝኩት፤ ያ ብረት በድንገት ከቀዘቀዘ ይጣመማል። ከላይ ጀምሮ ማርሹን ዲ ላይ ትቶ ፍሬን ረግጦ ነው የወረደው። የቤንዚን አውቶማቲክ ከገዛሽ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዛት ኤል ወይም ቢ ላይ አድርጊው፤ ማኑዋል ከሆነ የድሮ ሾፌሮች እንደሚሉት በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ።

የብድሩ ነገር ሚዛኑን ያጋድላል። ከቤተሰብ የሚገኝ፣ ለቤንዚን ልታወጪው በነበረው ገንዘብና ከደመወዝሽ በተቆረጠ በዓመት ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ኤሌክትሪኳን ግዢ፣ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን አደርገዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን ባለ 1.3 ሊትር ቪትዝ ወይም ያሪስ ፈልጊ፤ ጋራዦቻችን በቤንዚን ሞተር ያደጉ ስለሆኑ ከሚሠራልሽ ሰው ጋር አትቸገሪም። ኤሌክትሪኳን ከመረጥሽ የስክሪኑ ቋንቋ ቻይንኛ ከሆነ አስቀይሪ፣ የመሙያ ሶኬቷ ከሻጩ መሙያ ጋር የሚገጥም መሆኑን በዓይንሽ እዪ፣ ያገለገለች ከሆነች ደግሞ የባትሪዋን ጤና በኮምፒውተር አስነብቢ።

ሻጩ ፒያሳን አንድ ዙር ዞሮ ሊመልስሽ ሲል እምቢ በዪ። ኮምቦልቻ ድረስ ውረዱ፣ ፍሬኑን አሽትቱ፣ ከዚያ ሰው ሞልታችሁ ተመለሱ። የቤንዚን መኪና ከሆነች እስክትደርሱ የሙቀት መለኪያዋን አትልቀቂ። ክረምት ከሆነም ጉም ሲወርድ መብራቷ መንገዱን የሚያሳይ መሆኑን ተመልከቺ። አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። የፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡና ሲወርዱ በእጃቸው ምን እንደሚይዙ አስተውዪ። ደጋፊ ሳይፈልጉ ሁለት ጊዜ ገብተው ከወጡ፣ ያን ጊዜ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።