«ያ ሁሉ ዶላር የት ገባ?» ለምትሉ የወሎ ልጆች

ውጭ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ስትደውሉ ጥያቄያችሁ አንድ ነው። «ይሄን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ ይባላል፤ እናቴ ጎረቤት ያሉት ተፈናቃዮች ግን ምንም አላገኙም። ማን በላው?»

የሚበላ የለም አልልም። ግን አንዳንዴ ገንዘቡ ጭራሽ አልመጣም። በሚያዝያ 2016 ጄኔቫ ላይ መንግሥታት ለኢትዮጵያ 630 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ገቡ፤ የተፈለገው አንድ ቢሊዮን ነበር። ቃል የተገባ ሁሉ ደግሞ ቶሎ አይከፈልም። ሲከፈልም በተባበሩት መንግሥታትና በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው።

የአሜሪካው እርዳታ ለዓመታት አብዛኛው እህል ሆኖ ነው የመጣው። በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በከባድ መኪና ወደ መጋዘን። ሙሉ ራሽን ከደረሰ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ፣ ኪሎ ተኩል ክክና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ወፍጮ ቤት ግን በስንዴ አያስፈጭም፣ ብር ይላል። ጨው አለ፣ ሳሙና አለ፣ የልጅ መድኃኒት አለ። ስለዚህ ገበያ ላይ የእርዳታ ስንዴ ስታዩ «ተሰረቀ» ለማለት አትቸኩሉ። አንዳንዱን የሸጠችው ራሷ ተፈናቃይዋ ናት።

ዝርፊያም አለ፣ አይካድም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እዚህ በደረሰ ጊዜ የኮምቦልቻ መጋዘኖች ተዘርፈው የዓለም ምግብ ፕሮግራም በደሴም በኮምቦልቻም ማደሉን አቁሞ ነበር። በሰኔ 2015 ደግሞ እርዳታ ላልተገባው እየዋለ ነው ተብሎ አሜሪካም ፕሮግራሙም በመላ አገሪቱ ምግብ አቆሙ። ያኔ ውጭ ሆናችሁ «ይበላቸው» ያላችሁ አላችሁ። ባለሥልጣን አልተራበም እኮ! የተራበው ስሙ ዝርዝር ላይ የነበረው ምስኪን ነው፣ ለወራት።

አሁን ደግሞ ምንጩ ራሱ እየደረቀ ነው። አሜሪካ በጥር 2017 የውጭ እርዳታዋን አገደች፤ የእርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤአይዲም ተዘጋ። ብሪታንያ ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ የነበረውን እርዳታ በፈረንጆቹ 2027 ወደ 0.3 አወርዳለሁ ብላለች። እዚያ ግብር ከፋዮች ናችሁ፣ ድምፅ ያላችሁም ብዙ ናችሁ። ለምክር ቤት ተወካያችሁ ጻፉ። «ስጡ» ብቻ አትበሉ፤ ማን ይቆጣጠራል፣ ገበያው ባለበት ለምን በጥሬ ገንዘብ አይሆንም ብላችሁ ጠይቁ። ለአንድ ፓርቲ የምታወጡትን ጉልበት ሩቡን እዚህ ላይ ብታውሉት ትልቅ ነገር ነው።

የራሳችሁን ብር ግን ካምፕ በር ላይ አታፍስሱት። መጠለያ ካምፕ ውስጥ ያለው ቢያንስ ይቆጠራል። ደሴ ውስጥ ሆጤ ወይ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ዘመድ ቤት የተጠጋው፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ስድስት ሆኖ የሚያድረው ብዙ ጊዜ ከዝርዝር ይቀራል። እሱን የሚያውቀው የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ነው። ከሁለት ከሦስት የቅሬ ሰዎች ጋር ተነጋገሩ፤ አንድ ሰው ብቻ ላይ አትጣሉት፣ ለሱም ፈተና ነው። ልብስ በኮንቴይነር አትላኩ፣ ጉምሩኩና ማጓጓዣው ከልብሱ ይበልጣል። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ሰውን ዱቄት አሸክማችሁ ፎቶ አታስነሱ።

ደግሞ ለሮመዳንና ለፋሲካ ብቻ አትላኩ። በበዓል ጎረቤትም ያበላል። ጭንቁ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ አዝመራው ሳይደርስ፣ የደሴ ዝናብና ብርድ ሲጠና፣ የቤት ኪራዩም ሳይቀር።