ተሳቢ በቤት መኪና መጎተት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የሠርግ ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ ወደ ላንጋኖ የሚወርድ ጀልባ ሳይቀር በቤት መኪና ስጎትት ዓመታት ተቆጥረዋል። ክረምቱ አልፎ የጉዞው ወቅት ሲመጣ ጥያቄው ስለሚበዛ፣ የደረሱኝን በአንድ ላይ እመልሳለሁ።

ከካዛንቺስ፦ ኤስዩቪ መኪናዬ ሞተሩ ጠንካራ ነው። አንድ ቶን የሚጠጋ ተሳቢ ይከብደዋል?

መጎተቱ ላይከብደው ይችላል፤ የሚከብደው ማቆሙ ነው። በመኪናህ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ፣ ሌላው ፍሬን ለሌለው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ከ750 ኪሎ አያልፍም። ብየዳ ቤት ያሠራኸው ተሳቢ ፍሬን ከሌለው አንድ ቶን አትጫንበት። ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርድ ከፊትህ ያለው ታክሲ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት ቢቆም፣ ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ እየገፋህ ይመጣል። በጉልበቱም ቢሆን አትመካ። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ያጣል።

ከፒያሳ፦ ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት ላድርገው ወይስ ወደ ኋላ?

እህቴ፣ ከሁሉም በላይ ሰው እንዲገባው የምፈልገው ይህንን ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ፣ ማለትም ተሳቢው ከመኪናው ጀርባ በሚያያዝበት ቦታ ላይ፣ ማረፍ አለበት። ተሳቢው ከነጭነቱ 800 ኪሎ ከሆነ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ማለት ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላና ይህ መጠን ካነሰ፣ ተሳቢው ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ መኪናውን ይዞ ሊዞር ይችላል። ከበዛ ደግሞ የመኪናው ፊት ይቀልልና መሪው አይታዘዝልሽም። መመሪያው ለጋንቾው ከዚያ ያነሰ ከፈቀደ፣ ጭነቱን ቀንሺ።

በግምት አትሂጂ፤ ይመዘናል። ተሳቢውን ጭነሽ ሜዳ ላይ አቁሚና ጎማዎቹን በታኮ አስይዢ። የሰው መመዘኛ ሚዛን መሬት ላይ አድርጊ፤ በላዩ ጣውላ አንጥፊና በጋንቾው ከፍታ ልክ የተቆረጠ ወፍራም እንጨት አቁመሽ የተሳቢውን አፍንጫ (ጋንቾው ላይ የሚቆለፈውን ጫፍ) አሳርፊበት። ሚዛኑ ካነሰብሽ ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት አምጥተሽ እንደገና መዝኚ። እኔ 300 ኪሎ የሚመዝን ጄኔሬተር አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት በመግፋት ብቻ ሚዛኑን ከ45 ወደ 90 ያደረስኩበት ጊዜ አለ። ጭነቱ ያው ነው፤ ቦታው ብቻ ተለወጠ።

ጋንቾው ላይ ያረፈው ክብደት መኪናው ከሚሸከመው ላይ ይቀነሳል። የተፈቀደለት 500 ኪሎ ቢሆንና ጋንቾው 100 ቢወስድ፣ ለቤተሰቡና ለሻንጣው የሚተርፈው 400 ነው።

ከሜክሲኮ፦ በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ መወዛወዝ ቢጀምርብኝስ?

ፍሬን አትርገጥ፤ ከመሪውም ጋር አትታገል። መሪውን ቀጥ አድርገህ ይዘህ እግርህን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለህ አንሳ። ፍጥነት ሲጨምሩ ይስተካከላል የሚሉ አሉ፤ ሰው የሚገድል ምክር ነው። ሲረጋጋ ዳር ይዘህ ቁም፤ ጭነቱን ሳታስተካክል ጉዞህን አትቀጥል። እኔ በዚያ መንገድ ተሳቢ ይዤ ከ80 አላልፍም።

ከአራት ኪሎ፦ ጋንቾው ከተቆለፈ በኋላ ሊወልቅ ይችላል?

ይችላል፤ ደርሶብኛል። የተዋስኩት ተሳቢ አፍንጫ ለ50 ሚሊሜትር ኳስ (ጋንቾው ላይ ያለው ክብ ብረት) የተሠራ ነበር፤ የእኔ መኪና ኳስ ደግሞ 48 እንኳ አይሞላም። በዓይን አይለይም፤ ሲቆለፍም ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ስታዲየም አጠገብ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስደርስ ዘሎ ወጣ። ያዳነኝ ሰንሰለቱ ነው። ሁለቱን ሰንሰለቶች ከጋንቾው ሥር አጣምራችሁ እሰሩ፤ አፍንጫው ቢወልቅ አስፋልቱን ሳይነካ በእነርሱ ላይ ያርፋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከቆለፍኩ በኋላ አፍንጫውን በክሪክ አነሣዋለሁ። የመኪናው ጀርባ አብሮ ከተነሣ ይዟል፤ ካልተነሣ አልያዘም።

ከልደታ፦ የዓባይን በረሃ በተሳቢ መውረድ ያስፈራል?

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ከመውረድዎ በፊት ከባድ ማርሽ ያስገቡ፤ አውቶማቲክም ቢሆን በእጅ ዝቅ ያድርጉት። ሞተሩ ይያዝልዎት። ፍሬኑን ያለማቋረጥ አይያዙት፤ ጠበቅ አድርገው ይርገጡና ይልቀቁት። የሚቃጠል ነገር ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከላላ ዳር ይዘው ያቁሙ፤ ጎማውን በታኮ ያስይዙና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

ከለገሃር፦ የኤሌክትሪክ መኪና ይጎትታል?

መመሪያው ከፈቀደ ብቻ። ጨርሶ የማይፈቅድላቸው አሉ። የሚፈቀድለትም ቢሆን አንድ ቻርጅ የሚያስኬድህ ርቀት በግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ከሰንጋ ተራ፦ ወደ ኋላ ስሄድ ሁልጊዜ ይታጠፍብኛል።

መሪውን ከታች በኩል በአንድ እጅ ያዝ፤ እጅህ ወደ ሄደበት የተሳቢው ጀርባ ይሄዳል። በጥቂቱ አንቀሳቅስ፣ በጣም በዝግታ ሂድ። መታጠፍ ሲጀምር መሪውን አታብዛበት፤ ወደ ፊት ወጣ ብለህ አቃናውና እንደገና ጀምር። ከኋላ የሚያሳይህ ሰው ስፖኪዮ ውስጥ በሚታይህ ቦታ ይቁም፤ ካልታየህ አቁም። ልጆች ግቢ ውስጥ ካሉ ቤት እስኪገቡ ድረስ ሞተሩን አታስነሣ።